እንደ ሉሕ እንጂ እንደ ፕላዝማ አይሁን



የመተማን ትምህርት ቤቶች የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ዓይነት ልጅ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ቤቱ አማርኛ የሚናገር አለ፤ ጉሙዝኛ የሚናገር አለ፤ ገላባት ማዶ አድጎ ዐረብኛ የሚቀናው አለ፤ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ጠፍቶ ኅዳር ላይ የሚመለስ አለ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሕፃናት በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረዋል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ከሰዓት መድረሳ ላይ ጁዝእ ዐማን ከሁላችንም ቀድሞ ጨረሰ። ጠዋት ግን የሒሳቡን ጥያቄ በአማርኛ አንብቦ ስለማይረዳው «ሰነፍ» ተባለ። ሁለት ዓመት ደገመና ትምህርቱን ተወ። ጠዋትም ከሰዓትም ያው ልጅ ነበር።

መድረሳ ውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱ ሉሕ አለው። አንዱ አሊፍ ባ ላይ፣ ሌላው ያሲን ላይ ሆኖ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ኡስታዙ ተራ በተራ ጠርተው ያስቀራሉ፤ ትምህርቱን ያልያዘ ሉሑን አያጥብም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከኡመታቸው ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት፣ ሕፃንና መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ እንዳለ ለጂብሪል (ዐ.ሰ.) በነገሩት ጊዜ፣ ቁርኣን በሰባት አሕሩፍ መውረዱ ተነግሯቸዋል። ለተማሪው አቅም ማግራራት ከዲናችን ነው።

የቴክኖሎጂ ትምህርት ሲባል ግን በአገራችን ቀድሞ የመጣው ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ስርጭት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። አይቆምም፣ አይመለስም። የገባውም ያልገባውም በአንድ ፍጥነት ይነዳል፤ መምህሩም ተመልካች ይሆናል። ዛሬ ታብሌት ገዝተን ያንኑ ብንደግም ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላ መንገድ መኖሩን ከጎረቤታችን ከሱዳን እናያለን። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዋር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት በዐረብኛ የሒሳብ ጨዋታ በታብሌት አቀረበ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚሞላው በፀሐይ ነው። ልጁ አንዱን ደረጃ ሲችል ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሉሕ ማለት ይኸው ነው።

«ታብሌቱ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ይገናኙታል። መምህሩ ማን የት ላይ እንደተቸገረ ያያል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መምህሩን አይተካም፤ ለማን ቀድሞ መድረስ እንዳለበት ግን ያሳየዋል።

የጎደለው በአማርኛ የተዘጋጀ ትምህርት ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ መሥራት እንችላለን። ጀመዓችን በዚህ ክረምት የአራተኛ ክፍልን ሒሳብ ብቻ ይያዝ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በዐረብኛ አጭር ማብራሪያ ይቅረጽ፤ ጉሙዝኛ የሚችል ካለ ይጨምርበት፤ የኮምፒውተር ልጆች መልመጃውን ያስገቡ። ለእረፍት ስንመለስ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ትምህርት ቤት እንጀምር።

ያ ጓደኛዬ አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ለእሱ አልደረስንም። ዛሬ በዚያ ዴስክ ላይ ለተቀመጠው ግን ኢንሻአላህ እንደርሳለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።