ቢጫ ካርድና ቀይ ዝርዝር

«ለመንገድ ብሎ ክትባት መጠየቅ ሰውን ማስገደድ ነው» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ክርክር አልገጥምም። ቢጫ ካርዱን የት እንዳስቀመጠው ብቻ እጠይቀዋለሁ። ቦሌ ላይ የአየር ትኬት የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ፓስፖርትና ቪዛ አይቼ ሳበቃ ሦስተኛው ጥያቄዬ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከዚህ ተነስቶ ሕንድ ለሕክምና፣ ታይላንድ ለንግድ፣ ታንዛኒያ ለስብሰባ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ መገኘት አለበት። ሐጅ የሚሄደው ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ይወስዳል። ይህ ሁሉ ከኮሮና በፊትም ነበረ፤ ሰልፍ የወጣበት ሰው አላውቅም።

ስለዚህ በኮሮና ጊዜ «ተከተቡና ኑ» መባላችን አላስከፋኝም። ዛሬም ቢሆን አግባብ ነበር እላለሁ። ያስከፋኝና እስካሁን ያልወጣልኝ ሌላው ነው፦ ተጓዡ ተከተበ አልተከተበ፣ ተመረመረ አልተመረመረ ሳይል፣ የተነሳበትን አገር ስም ብቻ አይቶ በሩን የዘጋው ደንብ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «የኮሮና ክልከላ» ስለምንላቸው ተገቢው ከነውረኛው ጋር አብሮ ይወቀሳል፣ ነውረኛውም ከተገቢው ጋር አብሮ ይማራል። ገና እየቀረበ ነው፤ ትኬት የሚቆርጠው በዝቷል፤ ማንም ስለዚያ ዘመን ማሰብ አይፈልግም። እኔ ግን አሁን ነው ማንሳት የምፈልገው።

የ2014ን ኅዳርና ታኅሣሥ የኛ ሙያ ሰዎች አንረሳውም። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ያደረጉትም በዚያው ሰሞን ነው። በዚህ መሃል ኅዳር 15 ቀን ደቡብ አፍሪካ አዲስ የቫይረስ ዝርያ ማግኘቷን ለዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀች። ኅዳር 17 ስም ወጣለት፤ ኦሚክሮን ተባለ። ኅዳር 20 አሜሪካ ስምንት አገሮችን ዘጋች፦ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናን፣ ዚምባብዌን፣ ናሚቢያን፣ ሌሶቶን፣ ኤስዋቲኒን፣ ሞዛምቢክን፣ ማላዊን። ክልከላው ሲታወጅ ከስምንቱ አብዛኞቹ አዲሱ ዝርያ ተገኘብን አላሉም ነበር። ቤልጂየም ግን ኅዳር 17 ቀን ተገኝቶባታል። አሜሪካ ቤልጂየምን ዘጋቻት?

ይባስ ብሎ ሆላንዶች ቆየት ብለው የራሳቸውን የላቦራቶሪ ናሙና መለስ ብለው ሲያዩ፣ ኅዳር 10 እና 14 ቀን በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ኦሚክሮንን አገኙት። ይኸውም ደቡብ አፍሪካ ከመናገሯ በፊት ማለት ነው። በሽታው አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ የተቀጣችው ግን ቀድማ ያየችና በታማኝነት የተናገረች አገር ናት። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ ነገሩን «የጉዞ አፓርታይድ» ሲሉት ቃሉ የከበደባቸው ነበሩ። እኔ አልከበደኝም። አሜሪካ ክልከላውን ታኅሣሥ 22 ስታነሳ ኦሚክሮን የራሷ ዋና በሽታ ሆኖ ነበር።

እኛ ከስምንቱ ውስጥ አልነበርንም፤ ተራችን ግን አልቀረም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ታኅሣሥ 16 ቀን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከናይጄሪያ ጋር ኢትዮጵያን ጨምራ ዘጋች። ገና ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ዱባይ ለኛ ምን እንደሆነች ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ነጋዴው ዕቃ የሚያመጣባት፣ እህቶቻችን ሰው ቤት የሚሠሩባት፣ ሌላው ትራንዚት የሚያደርግባት ከተማ ናት። በክልከላው ሰሞን ቢሮዬ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ለእህቷ ሠርግና ለበዓል መጥታ መመለሷ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ አላለቀም፤ የመልስ ትኬቷ እጇ ላይ ነው። የክትባት ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «እትዬ፣ ይኼውልሽ፣ ሁለቱንም ጨርሻለሁ» አለችኝ። ካርዱን አየሁት፤ ሲኖፋርም ነው፤ የተሰጠውም እዚያው ዱባይ ነው።

እኛ ትኬት ሻጮች ቲማቲክ የሚባል መረጃ እናያለን። የየአገሩ የመግቢያ ደንብ የሚሰፍርበት ነው፤ አየር መንገዶችም ተሳፋሪ ከማስገባታቸው በፊት የሚያመሳክሩት እሱን ነው። ያን ጊዜ ጠዋት ያነበብነው ማታ ይለወጥ ነበር። ከፈትኩላት። ዜጎች፣ ዲፕሎማቶች፣ ወርቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ ሌሎችም ጥቂቶች ይገባሉ። እሷ የለችበትም። «ክትባቱን የወጉኝ እኮ እነሱው ናቸው!» አለች። ምን ብዬ ልመልስ? ዶክተር አይደለሁ፣ ቆንስላ አይደለሁ። ክልከላው የተነሳው ጥር 21 ነው፤ አሠሪዎቿ ያን ያህል የሚታገሡ አልነበሩም፤ በሷ ቦታ ሌላ ሴት ቀጠሩ። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ደንብ ከየትኛው በሽታ ነው የሚከላከለው? እሷን ከለከለ፤ ያልተከተበውን ወርቃማ ፈቃድ ያዥ ግን አሳለፈ። ቫይረሱ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት አይለይም።

በተቃራኒው አሜሪካ በዚያው ኅዳር ያወጣችውን የምርመራ ደንብ እደግፋለሁ፤ ብዙ ደንበኞቼን ቢያስለቅስም። ከኅዳር 27 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበር ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን የተከተበ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበረው አንድ ቀን ውስጥ ተመርምሮ ነጌቲቭ መሆን ነበረበት። ከዚያ በፊት ለተከተበ ሰው ሦስት ቀን ነበር። የዋሽንግተኑ በረራ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ማታ ነው፤ እንግዲህ ዲያስፖራው ሻንጣውን ዘግቶ፣ በርበሬና ሽሮውን አስመዝኖ፣ ዘመድ ተሰናብቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዕጣውን የሚያየው። ከተማው ደግሞ በዚያን ጊዜ በኦሚክሮን እየነደደ ነበር። በዚያ ገና ብዙ የጉንፋን ሳል ሰምተናል፤ ኮሮና ነው ብሎ የሚናገር ግን አልነበረም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ዘመድ ጥየቃ ያቆሙ፣ የአክስታቸውን ዶሮ ወጥ በር ላይ ተቀብለው የሄዱ፣ ሆቴል ገብተው ራሳቸውን የቆለፉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ጥምቀትን ጃንሜዳ ውለው፣ በማግሥቱ ፖዘቲቭ ሆነው ትኬት ሊያስቀይሩ እኔ ዘንድ የመጡ ናቸው። የዕረፍት ፈቃዳቸው አልቋል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል፤ ባል ነጌቲቭ ነው፣ ሚስት ፖዘቲቭ ናት። አንዱ ይሂድ ወይስ ሁለቱም ይቅሩ? ይህ ጥያቄ በኔ ጠረጴዛ ላይ ትዳር ሊያፈርስ ሲል አይቻለሁ። የቻለ ሰው ማገገሙን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይዞ ነው በኋላ የሄደው፤ ደንቡ ያንን ይፈቅድ ነበር።

ቢሆንም ደንቡ ሰውየውን ነበር የሚያየው። አፍንጫውን እንጂ አገሩን አልጠየቀም። የለንደኑም የፍራንክፈርቱም ተሳፋሪ ያንኑ ተመርምሯል። ልዩነቴ እዚህ ላይ ነው።

ሐሰተኛ የምርመራ ወረቀት በገንዘብ ይገኝ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እትዬ፣ ሰው ታውቂያለሽ?» ያሉኝ አሉ። ያንን ወረቀት የገዛ ሰው ያታለለው ፈረንጅን አይደለም። ከጎኑ የተቀመጡትን ሽማግሌ ነው። ለቀጣዩ እውነተኛ ተጓዥም የሚታመን ወረቀት አላስቀረለትም። የሚከለክሏቸውን አገሮች ቀይ ዝርዝር የሚያወጡ መንግሥታት «የእነሱ ሰነድ አይታመንም» ሲሉ አፋችንን የምንይዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የክትባቱ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ኢትዮጵያ የካቲት 28 ቀን 2013 የተቀበለችው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት አስትራዜኒካ ነበር፤ የተመረተው ሕንድ በሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ሲሆን የንግድ ስሙ ኮቪሺልድ ነው። ያከፋፈለው ኮቫክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ ጥምረት ነው፤ ለኮቫክስ ገንዘብ ካዋጡት መካከል አውሮፓውያን አሉበት። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት የክትባት ሰርተፊኬቱን ሥራ ላይ ሲያውል ግን አውሮፓ ውስጥ የተመረተውን አስትራዜኒካ ተቀበለ፣ ኮቪሺልድን አላካተተም። በኋላ አገሮቹ አንድ በአንድ ቢቀበሉትም፣ ነገሩ የአፍሪካ ኅብረትና የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ የአፍሪካ ሲዲሲ በመግለጫ እስኪቃወሙ ድረስ መሄዱ በራሱ አሳፋሪ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከመጋቢት 10 ቀን 2013 ጀምሮ ኢትዮጵያን በቀይ ዝርዝር አስገብታ፣ የሚገባው የራሷ ዜጋና ነዋሪ ብቻ ሆኖ፣ እሱም ለ10 ቀን ሆቴል ተዘግቶበት በ1,750 ፓውንድ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ነሐሴ ላይ ዋጋውን 2,285 አደረሰችው። ለአንድ ሰው ነው። ለንደን ያለ የታክሲ ሹፌር እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ያን ይከፍላል። ከዝርዝሩ የወጣነው ጥቅምት 1 ቀን 2014 ነው።

እስራኤልም ሚያዝያ 25 ቀን 2013፣ የኛ ፋሲካ ማግሥት፣ ዜጎቿ ወደ ሰባት አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለች፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ጎንደር ወላጅ ላለው ቤተ እስራኤላዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። ሐጅ ደግሞ በ2012 እና በ2013 ከውጭ ለሚመጣ ሰው በጭራሽ ዝግ ነበር፤ በ2014 ሲከፈት ክትባትና ከ65 ዓመት በታች መሆን ተጠየቀ። ዕድሜ ልካቸውን ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ኖረው በዚያ መስፈርት የወደቁ አባት አውቃለሁ። የሳዑዲን ጥንቃቄ እረዳለሁ፣ ሚሊዮን ሰው አንድ ቦታ ነውና፤ የዕድሜው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ክትባት መጠየቅ ተገቢ ነበር ስል ለዘለዓለም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ምርመራውን ሰኔ 5 ቀን 2014 አንስታ፣ የክትባቱን ግዴታ ለውጭ ዜጎች እስከ ግንቦት 2015 ጎትታዋለች። በዚያን ጊዜ የተከተበውም ያልተከተበውም ተይዞ ድኗል፤ ክትባቱ ከጽኑ ሕመም እንጂ ከመተላለፍ ብዙ እንደማይከላከል ታውቋል። የቴኒስ ተጫዋቹ ጆኮቪች የአሜሪካን ውድድር ሲከለከል ያልተከተቡ ደንበኞቼ «አየሽ፣ እሱንም!» እያሉ ይጽናኑ ነበር። እሱ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ፤ እነሱ ግን የልጅ ምርቃት አምልጧቸዋል፤ ያ ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ግንቦት 12 ቀን 2017 የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቋል። በዚህ ጉዳይ ከተማው ውስጥ ብዙ ወሬ ይናፈሳል፤ «ጄኔቭ ሆነው በግድ ሊከትቡን ነው» ይባላል። ስምምነቱ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ተጓዥ ከልክሉ ወይም ተቀበሉ፣ ሕዝብ ክተቡ ብሎ አገርን የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ለወሬኛው መልስ ነው፤ ለኔ ግን ሥጋት ነው። ማዘዝ የሚችል ከሌለ በስም እየጠራ የሚዘጋንንም የሚገታው የለም ማለት ነው። ከዚያ የቆየው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ ዓለም አቀፍ ጉዞን በእጅጉ የሚያደናቅፍ ክልከላ የጣለ አገር በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለድርጅቱ ያሳውቅ ይላል። በ2014 ኅዳር በሩን ዘግቶ በዚህ ምክንያት የተቀጣ አገር የለም። የተሻሻለው ደንብ መስከረም 9 ቀን 2018 ሥራ ላይ ውሏል፤ አሜሪካ ግን አልቀበልም ብላለች።

ስለዚህ ማንንም ከመጠበቅ በፊት የራሳችንን ቤት እንይ። በዚያ ኅዳር ሩዋንዳ፣ አንጎላ፣ ግብፅ፣ ሞሪሺየስ የደቡቡን የአፍሪካ ክፍል በረራ ሲያግዱ የአውሮፓን መንገድ ነው የተከተሉት። የኛም መንግሥት በ2012 ከውጭ የሚገባውን ሁሉ ለይቶ ሲያቆይ፣ ዶላር ያለውን በሆቴል፣ ከሳዑዲ የተባረረውን በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ነበር ያስቀመጠው። የአፍሪካ ኅብረትና የአፍሪካ ሲዲሲ መቀመጫቸው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ለእነሱም ለጤና ሚኒስቴራችንም ለውጭ ጉዳይም የምለው ይህ ነው፦ አንዱ የአፍሪካ አገር የሰጠውን የክትባት ሰርተፊኬት ሌላው ያለ ጥያቄ እንዲቀበል አሁን፣ በጤና ጊዜ፣ ተፈራረሙ። አዲስ ክልከላ ሲወጣ ትኬት ቆርጦ መንገድ ላይ ላለ ሰው የመመለሻ ቀናት ይሰጡት። ሰርተፊኬቱ ሐሰተኛ ከሆነ የሸጠውም የገዛውም ይጠየቅ። ከዓረብ አገሮች ጋር የሠራተኛ ውል ስትፈራረሙ ደግሞ፣ በእነሱ ክትባት የተከተበች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ልጅ በወረርሽኝ ጊዜ ወደ ሥራዋ የመመለስ መብቷ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።