ዘጠና ዓመት በሰው ሜዳ

በአማርኛ ሰዋስው ድርጊቱን የሚፈጽመው «ባለቤት» ይባላል። ቤት ያለው ሰውም ያው «ባለቤት» ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪ ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ይዞልኝ ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ «ማን?» ብዬ ጽፌ እመልስለት ነበር። ዛሬ ቀይ እስክሪብቶዬን ያወጣሁት ለእግር ኳሳችን ነው። ስታዲየም ተዘጋ፤ ስታዲየም ሊታደስ ነው ተባለ፤ ክለብ ከሰረ፤ ክለብ ፈረሰ ስንል ኖረናል። ማን ዘጋው? ማን አከሰረው? ባለቤቱ ማነው?

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠና ዓመት ሞልቶታል። ኢትዮጵያ ቡና፣ የቀድሞው ቡና ገበያ፣ በ1968 ተወለደ። ሁለቱ ሲገናኙ አዲስ አበባ ለሁለት ትከፈላለች። እኔ በምኖርበት በዘነበወርቅ አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች አንዱ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ሌላው ቡኒና ቢጫ ለብሰው ከአንድ በር ሲወጡ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ፍቅር ግን የራሱ ቤት ኖሮት አያውቅም። የአዲስ አበባ ስታዲየም የመንግሥት ነው። ያስተዳደረው መሥሪያ ቤት እንኳ አንዴ ኮሚሽን፣ አንዴ የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴር፣ አንዴ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር እየተባለ ስሙ ሲቀያየር ኖሯል። ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ እያለ ለየመቀመጫው ስም ያወጣው ግን ደጋፊው ነው። ስም ማውጣት የወላጅ ወግ ነበር። ካርታው ላይ ሲታይ ግን ደጋፊውም የለ፣ ክለቡም የለ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ሜዳው የማንም ይሁን፣ ዋናው ኳሱ ነው» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። የለም ወዳጄ፣ ዋናው ሜዳው ነው። ሜዳ ያለው ክለብ የዓመት ትኬት ይሸጣል፤ በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ከስር ያሉትን ሱቆች ያከራያል፤ ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅም የሚያሳየው ነገር አለው። ሜዳ የሌለው ክለብ ያለው ማሊያና እዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ደጅ ይጠናል።

ሁለቱ ክለቦቻችን ሲጠኑ የኖሩት ደጅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የባለሀብት ደጅና የቢራ ፋብሪካ ደጅ። የጊዮርጊስ የክብር ፕሬዚዳንት ሼህ መሐመድ አል አሙዲ በ2010 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታስረው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ሰውየው ለክለቡ ያደረጉትን ውለታ የሚክድ ይኖራል ብዬ አላስብም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ክለብ ነገውን በአንድ ሰው ደህንነት ላይ ማንጠልጠሉ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ለማሰብ ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አልነበረም። በዓመቱ፣ በ2011፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ለጤና ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ኳሱ የለመደው የቢራ ገንዘብ ግን ከዚያ ወዲህ መሳሳት ጀመረ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ስለ ስፖንሰር የተናገሩ ይመስላል።

ከዚህ የባሰው ሌላው ወገን ነው። ደጅ መጥናት የማያስፈልጋቸው ክለቦች አሉ፤ ቤቱ ራሱ የመንግሥት ስለሆነ። የ2016ን ዋንጫ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን ኢትዮጵያ መድን ወሰዱ። ተጫዋቾቹ ላባቸውን አፍስሰው ነው ያሸነፉት፤ ደስ ይበላቸው። እኔ የምጠይቀው ስለ ደብተሩ ነው። ባንኩም መድኑም የሕዝብ ንብረት ናቸው። በየክልሉ ያሉት የከተማ ክለቦች ደግሞ ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው የሚኖሩት። እንዲህ ያለ ክለብ አንድ ሰው ትኬት ባይቆርጥለትም ደሞዝ አያቋርጥም፤ አንድ ሰው ባይወደውም አይፈርስም። ጊዮርጊስና ቡና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወዳጅ ይዘው ይቸገራሉ፤ ወዳጅ የሌለው በጀት ይዞ ይፎካከራል። ይህ ውድድር ነው እንዴ?

በነሐሴ 2011 ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ብዙም ሳይቆይ ከጣሪያው በላይ ያለው በእጅ ይሰጣል ተብሎ በአደባባይ መወራት ጀመረ። መቼም የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጣሪያ እንዲሠራለት አይጠብቅም፤ ኪሱ ራሱ ጣሪያው ነው። ጣሪያ የሚያስፈልገው የሰው ኪስ ለሚያወጣ ነው።

በ2013 ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር እየተመራ፣ በዲኤስቲቪ እየታየ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ ተባለ። የአምስት ዓመቱ ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ያኔ ተዘግቧል። ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ጨዋታው ሁሉ በአንድ በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ ከድሬዳዋ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ አዳማ ሲዞር ዓመታት አለፉ። የአዲስ አበባው ደጋፊ የገዛ ክለቡን በቴሌቪዥን የሚያይ ሩቅ ዘመድ ሆነ፤ ክለቡም ከበር የሚለቅማትን ጥቂት ብር አጣ። ካፍ በ2014 መጀመሪያ የባሕር ዳርን ስታዲየም ሲያግድ ደግሞ አገሪቱ በሙሉ ተከራይ ሆነች። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ነው ይላል መዝገቡ። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ጥር 1954 አራት ለሁለት ረተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እኮ ይህችኑ ግብፅ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም አስተናግደን ነው። ቦሌ ላይ በ2008 የተጀመረውን፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለውን አደይ አበባን ስንጠብቅ ደግሞ ስንት ዓመት ቆጠርን? ላም አለኝ በሰማይ...

የሚገርመኝ የሰፈሬ ወጣቶች እውቀት ነው። ከአለርት ሆስፒታል እስከ አየር ጤና ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ብትገቡ፣ አርሴናል እ.ኤ.አ. በ2006 ኤምሬትስን ሠርቶ ሲገባ ምን ያህል እዳ እንደተሸከመ፣ እዳውን ለመክፈል እነማንን እንደሸጠ በቃሉ የሚነግራችሁ ልጅ አታጡም። ያው ልጅ የአዲስ አበባ ስታዲየም የማን እንደሆነ ብትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል። አልፈርድበትም። የለንደኑን ክለብ ሒሳብ የሚያውቀው ሒሳቡ በየዓመቱ ስለሚታተም ነው። የእኛዎቹን ማን አሳይቶት ያውቃል?

«ሁለት ባላንጣዎች አንድ ቤት እንዴት ይይዛሉ?» ለሚለኝ ሚላንን እጠቅሳለሁ። የሳን ሲሮን ስታዲየም የከተማው አስተዳደር የገዛው እ.ኤ.አ. በ1935፣ የእኛው ጊዮርጊስ በተቋቋመበት ዓመት ነበር። ኤሲ ሚላንና ኢንተር እየተፎካከሩ ለአሥርት ዓመታት በተከራይነት ተጋሩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ሁለቱ አብረው በ197 ሚሊዮን ዩሮ ገዙት። ፍቅር ይዟቸው አይደለም። ተከራይ ሆኖ ከሌሎቹ ጋር መፎካከር እንደማይቻል ስለገባቸው ነው።

እኛ ዘንድ መሬት አይሸጥም፤ ሊዝ ግን አለ። ሐሳቤ አጭር ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለሃምሳ ዓመት ጊዮርጊስና ቡና በጋራ ለሚያቋቁሙት፣ ደጋፊው አክሲዮን ለሚገዛበት ማኅበር በሊዝ ይሰጥ። ብሔራዊ ቡድኑና አትሌቲክሱ የሚጠቀሙባቸው ቀናት በውሉ ይጻፉ። እድሳቱም፣ የሱቁ ኪራይም፣ ኪሳራውም የእነሱ ይሁን። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ክለቦች ደግሞ ገቢና ወጪያቸውን በየዓመቱ በጋዜጣ ያውጡ።

«እነዚህ ክለቦች ጽሕፈት ቤታቸውን እንኳ በቅጡ አላስተዳደሩ» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ተከራይ ግድግዳ አይቀባም፤ ነገ ውጣ ሊባል ይችላላ! ደግሞስ መንግሥት ባለቤት ሆኖ ያሳየን አስተዳደር የትኛው ነው? ዓለም አቀፍ ጨዋታ የተከለከለበት ሜዳ? ለዓመታት የተዘጋ በር?

ነገሩ የሁለት ክለብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮህኩ። እኛ ሰፈር ለከተማው ቆሻሻ ከሠላሳ ሄክታር በላይ ቦታ ተገኝቷል፤ ቆሼን የማያውቅ የለም። ልጆቻችን ግን ኳስ የሚያንከባልሉት መኪና እያሳለፉ፣ አስፋልት ዳር ነው። ለክለብ ደሞዝ ከሚፈሰው የሕዝብ ብር ሩቡ እንኳ ወደ ሰፈር ሜዳ ቢዞር፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል የነገውን አጥቂ ባናገኝ እንኳ እግሩ ያልተሰበረ ልጅ እናገኛለን። ክለቦቹ በራሳቸው ሜዳ በራሳቸው ገንዘብ ይኑሩ፤ የሕዝቡ ገንዘብ ለሕዝቡ ልጅ ይሁን። ባለቤቱ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ማለት ይህ ነው።