የቶልስቶይ መጽሐፍ ለመንዝ ገበሬ

ስለ ጐልማሶች ትምህርት በተነሣ ቍጥር አንድ አሳብ እንደ ዘወትር ጸሎት ሲደጋገም እንሰማለን። ጐልማሳው ገበሬ ጊዜው ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ ስለ ሆነ፣ የሚማረው ነገር ሁሉ በማግሥቱ በእርሻው ወይም በጓዳው የሚሠራበት መሆን አለበት የሚል ነው። ስለ ማዳበሪያ ይማር፣ ስለ ውሃ ንጽሕና ይማር፣ ስለ ቍጠባ ይማር፤ ልብ ወለድ ታሪክ ግን ሥራ ለፈታ የከተማ ሰው ይቅር ይላሉ። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊው የጐልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ ትምህርቱ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ መልካም ነው፤ ጠባችን ከስሙ ጋር አይደለም። ጠባችን «ተግባር» የሚለው ቃል እጅና እግርን ብቻ እንጂ ልብንና አእምሮን የማይጨምር አድርገው ከሚተረጕሙት ሰዎች ጋር ነው።

እነዚሁ ሰዎች ክርክራቸውን ለማጽናት ዘወትር የደጋውን ገበሬ ምስክር አድርገው ይጠሩታል። በጓሳ ብርድ ገብሱን የሚያጭድ የመንዝ ሰው ቶልስቶይ ምን ያደርግለታል? ቼኾፍስ እንጀራ ይሆነዋልን? እያሉ ይሣለቃሉ። እኛ ግን ይህን እንላለን፤ በመሐል ሜዳም ሆነ በጓሳ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ፊደል የቈጠረው ጐልማሳ፣ ከማዳበሪያው መጽሐፍ ጐን የመስኮብ ደራስያን አጫጭር ታሪኮች በጥሩ አማርኛ ተተርጕመው ሊነበቡለት ይገባል። ይህንም የምንለው ለጌጥ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቈጠረ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? ፊደሉን ያወቀው ገበሬ የሚያነበው ስላጣ ብዙው ወደ ነበረበት ጨለማ ተመለሰ። ማዳበሪያ በስንት ኪሎ እንደሚበተን የሚናገር ገጽ አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ማን ሁለተኛ ይገልጠዋል? ሰው ደጋግሞ የሚያነበው ልቡን የነካውን ነው። ዳዊት ደጋሚው ዕድሜ ልኩን ዳዊቱ የማይሰለቸው ስለ ምን ይመስላቸዋል?

ስለ ምን የመስኮብ ሆነ፣ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ለምን አልሆነም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው። ገበሬው እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደ ጌታው ንብረት ይቈጠር በነበረበት በዚያ አገር፣ ታላላቆቹ ደራስያን እኛ ዛሬ የምንጨነቅበትን ጥያቄ አስቀድመው ተጨንቀውበታል። ሌዎ ቶልስቶይ በ1859 እ.ኤ.አ. በርስቱ በያስናያ ፖልያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሔትም፣ መጻፍን ማን ከማን ይማር፣ የገበሬ ልጆች ከእኛ ወይስ እኛ ከገበሬ ልጆች? ብሎ ጠየቀ። «ጦርነትና ሰላም»ን የሚያህል መጽሐፍ በ1869 እ.ኤ.አ. የፈጸመው ያው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተቀምጦ የፊደል መማሪያ ይጽፍ ጀመር፤ «አዝቡካ» የተባለው መጽሐፍ በ1872 እ.ኤ.አ. ወጣ። «የካውካሰስ እስረኛ» የተባለው ድንቅ ታሪክ የተጻፈው ለዚሁ ለፊደል መማሪያ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር «ፖስሬድኒክ» የተባለውን ማተሚያ ድርጅት አቋቁሞ ታሪኮቹን ድኻ በሚችለው በጥቂት ኮፔክ እንዲሸጡ አደረገ። እንግዲህ እነዚህን ታሪኮች ለመንዝ ገበሬ ማንበብ ማለት ለባለቤቱ የተላከውን ደብዳቤ ዘግይቶም ቢሆን ማድረስ ነው።

ከነዚህ ታሪኮች አንዱን እንውሰድ። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰው ምን ያህል መሬት ያስፈልገዋል የሚለው ታሪክ ስለ ፓሖም ስለሚባል ገበሬ ይናገራል። ፓሖም በመጀመሪያ የእመቤቲቱ መሬት ጠባቂ በከብቶቹ ምክንያት እየቀጣ የሚያስመርረው ድኻ ነበር። ኋላ ግን ገንዘብ ተበድሮ የራሱን መሬት ገዛና፣ ያ ያስመረረውን ቅጣት በጎረቤቶቹ ከብቶች ላይ ራሱ ይቀጣ ጀመር፤ ዛፌን ቈረጠ ብሎ ጎረቤቱን ያለ ማስረጃ ከሰሰ፤ ተከሳሹ ነጻ ሲወጣ ከዳኞቹ ጋር ተጣላ። መሬቱ ሰፋ፣ ሰላሙ ግን ጠበበ። በመጨረሻ ወደ ባሽኪሮች አገር ሄዶ፣ በአንድ ሺህ ሩብል ከንጋት እስከ ምሽት በእግሩ የዞረውን መሬት ሁሉ ሊወስድ ተዋዋለ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተነሣበት ጉብታ ካልተመለሰ ግን ገንዘቡ ይቀራል። ስስት እያራቀው ሄደ፤ ሲመለስ ሮጦ ደረሰና ወድቆ ሞተ። የተቀበረበትም ቦታ ከራሱ እስከ ተረከዙ የሚበቃ ነበር።

ይህን ታሪክ በከተማ አዳራሽ ብናነበው ሰሚው ስለ ስስት ክፋት ራሱን ነቅንቆ ይበተናል። በጓሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብቻ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በጋራ ሲጠብቁት የኖሩ ሀብት ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት አባ ቄራ ተመርጦ፣ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ሜዳው አንዳንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቈይ ነበር። ሲከፈትም ሰው ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱና ለገሳው የሚሆነውን ሣር እንደ ደንቡ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳው ለጊዜው ጌታ የሌለው መሰለ፤ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተሰብስቦ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ስለ ፓሖም ሲሰማ የሚያስበው ስለ ስስት ብቻ አይሆንም። እነዚያ ባሽኪሮች የጋራ መሬታቸውን ለመንገደኛ የሚሸጡት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሽማግሌ አልነበራቸውምን? አባ ቄራ አልነበራቸውምን? ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ደግሞ ብዙ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳያየው የሚያልፈው ነው። ቶልስቶይ ማን ከማን ይማር ያለው ይህን ነበር። ዛሬም ሜዳውን ለማረስና ያለ ደንብ ለማሰማራት የሚጐመጅ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ፓሖም በአንድ ሌሊት የበለጠ ያነጋግራል ብለን እናምናለን።

«ተግባር» ለሚሉትም ሌላ እንጨምርላቸው። በመማሪያው መጽሐፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍና አድራሻ እንዴት እንደሚሞላ ትምህርት ይሰጣል። ቼኾፍ በ1886 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ታሪክ ቫንካ የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ከገጠር መጥቶ በሞስኮ ከአንድ ጫማ ሰፊ ቤት ይኖራል። ይደበድቡታል፤ ይርበዋል፤ ሌሊት ተደብቆ ለአያቱ ና ውሰደኝ ብሎ ይጽፋል። በፖስታው ላይ ግን በገጠር ላለው ለአያቴ ብሎ ጻፈበትና ሣጥኑ ውስጥ ጥሎት ተስፋ አድርጎ ተኛ። ልጁን ወይም ልጅቱን አዲስ አበባ ለሰው ቤት ሥራ ልኮ ወሬ የናፈቀ አባት ይህን ከሰማ በኋላ የአድራሻ ትምህርት አይረሳውም። ከአድራሻውም በላይ፣ ልጁን ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ገበሬው አይገባውም የሚለው ክርክር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣናል። የአጽመ ርስት ክርክሩን በዳኛ ፊት ቆሞ፣ የአባት የአያቱን የትውልድ ሐረግ እየቈጠረ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ የነገር አካሄድ አይገባውም ማለት ድፍረት ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ የሰሙንና የወርቁን አገር አጥንቶ የጻፈው በመንዝ ተቀምጦ ጭምር ነው። ደግሞስ በየበዓሉ ገድልና ተአምር ሲነበብ ቆሞ የሚሰማ ሰው የታሪክ መስማት ማንን ይለምን? ቦሪስ ቱራዬፍ የተባለው የመስኮብ ሊቅ በ1902 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ቅዱሳን ገድላት ትልቅ ጥናት አሳትሟል። እነርሱ የኛን ገድል ለማንበብ ግዕዝ ተምረው ሲደክሙ፣ የኛ ገበሬ የነርሱን ታሪክ በገዛ አማርኛው ለመስማት አይበቃም እንበልን?

ፈተናውም በሌላ አገር ተፈትኗል። ክርስቲና አልቼፍስካያ የተባለች ሴት በካርኮፍ ለጐልማሶች ሴቶች የእሑድ ትምህርት ቤት ከፍታ፣ ለተማሪዎቿና ለገጠር ሰዎች የታላላቅ ደራስያንን ሥራ እያነበበች የሰጡትን ፍርድ መዘገበች። «ሕዝቡ ምን ያንብብ» የተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከርሷም የሚደንቀው አድሪያን ቶፖሮፍ ነው። በሳይቤሪያ በአልታይ «የግንቦት ንጋት» በተባለች የገበሬዎች ማኅበር መምህር ሆኖ፣ ከ1920 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሥራ ለተመለሱት ገበሬዎች የመስኮብንና የሌላውን ዓለም ድርሰት ማታ ማታ ያነብላቸው ነበር። እነርሱም ያለ ይሉኝታ ያመሰግኑ፣ ያለ ይሉኝታ ይነቅፉ ነበር፤ የተናገሩትን ሁሉ ጽፎ በ1930 እ.ኤ.አ. «ገበሬዎች ስለ ደራስያን» ብሎ አሳተመው። መንግሥቱ ግን በ1937 እ.ኤ.አ. መምህሩን አሠረው። ገበሬ በራሱ አእምሮ ሲፈርድ የሚፈራ ባለ ሥልጣን በየአገሩ አለ።

በኛም አገር የመስኮብ ሥነ ጽሑፍ በሁለት መጥፎ በር ገብቶ ነበር። አንደኛው የፖለቲካ በር ነው። በደርግ ዘመን ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው የሚመጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ የፓርቲ ትምህርት ስለ ነበሩ፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሰው መልካሙንም ከክፉው ጋር አብሮ ጣለው። ሁለተኛው የደም በር ነው። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብርሃም ሐኒባል ከአፍሪካ የሄደ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1742 እ.ኤ.አ. በጻፈው ማመልከቻ የተወለደባትን ከተማ ላጎን ብሎ ጠራት። አኑቺን በ1899 እ.ኤ.አ. ይህች ቦታ በሐማሴን ናት አለ፤ ግናማንኩ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ የለም፣ በዛሬው ካሜሩን ያለችው ሎጎን ናት ብሎ ተከራከረ። እኛ በአዲስ አበባ በስሙ አደባባይ ሰይመን የኛ ነው እንላለን፤ ግጥሙን ያነበበው ግን ስንት ነው? ፑሽኪን ካሜሩናዊ ቢሆን መጽሐፉን ልንዘጋ ነውን? የሥጋ ዝምድና የሚፈለገው ለውርስ ነው፤ መጽሐፍን ለማንበብ አያስፈልግም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩሲያ በዩክሬን ላይ የከፈተችውን ጦርነት እያነሡ፣ ዛሬ የመስኮብ መጽሐፍ ማንበብ ወገን መያዝ ነው የሚሉም አሉ። ከላይ የጠቀስናት የአልቼፍስካያ ከተማ ካርኮፍ ዛሬ በዩክሬን ያለችው፣ በዚሁ ጦርነት የተደበደበችው ከተማ ናት። ቫንካን ወይም ፓሖምን የሚሰማ ሰው የማንኛውም መንግሥት ወታደር አይሆንም፤ ስለዚህም መጽሐፎቹን የሚመርጠው የውጭ ኤምባሲ ሳይሆን የኛ መምህር ይሁን። ካህናቱ ደግሞ ቶልስቶይ በ1901 እ.ኤ.አ. በአገሩ ቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ሰው መሆኑን ቢያነሡ እውነት አላቸው። አንደብቀው፤ መርጠን ግን እናንብብ፤ ስንመርጥም እነርሱን እናማክር። ስለ ሦስቱ ባሕታውያን የሚናገረው ታሪክ ለምሳሌ ከመነኮሳት ታሪክ የራቀ አይደለም። ጳጳሱ አቡነ ዘበሰማያት አስተምሯቸው በመርከብ ሲሄድ፣ ሽማግሌዎቹ የተማሩትን ረስተው፣ እንደገና ንገረን እያሉ በባሕር ላይ እየሮጡ ይከተሉታል። ጐልማሳ ተማሪ ረሳብኝ ብሎ የሚቆጣ መምህር ሁሉ ይህን ታሪክ ከተማሪዎቹ አስቀድሞ ያንብበው።

ነገሩ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርትን ከሕንፃ ጋር ብቻ ማሰር ምን ያህል እንደሚጐዳ አይተናል። ለንባብ ግን አንድ የሚያነብ ሰው፣ አንድ መብራትና አንድ ምድጃ ይበቃል። የመንዝ ሰው ለባና የሚሆነውን የበግ ፀጉር ሲፈትል እጁ እንጂ ጆሮው ሥራ አይዝም። ትርጕሙ ከእንግሊዝኛ ቅጂ ሳይሆን ከመስኮብኛው ይሁን፤ በዚያ አገር ተምረው የተመለሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ ሰው አጣን ማለት አይቻልም። ፊደሉ ጐላ ብሎ ይታተም፤ መጽሐፉም ቀጭን ሆኖ በኪስ የሚያዝ ይሁን። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ ትርጓሜ ለመስጠት አይቸኩል፤ ዝም ይበልና ይስማ። የተባለውንም እንደ ቶፖሮፍ ቃል በቃል ይጻፈው፤ መጽሐፉ አይረባም ቢሉ እንኳ ሳያለዝብ ይጻፈውና ለዚህ መጽሔት ይላክልን፤ ከሊቃውንቱ ሐተታ ጐን እንዲታተም እንጠይቃለን።