«ቆቅ አታጥምዱ!» ብቻ አይበቃም

ተመርቀን የምንመደበው አብዛኞቻችን ወደ ገጠር ነው። እዚያ ከሚጠብቁን ተማሪዎች መካከል ወጥመድ የማያውቅ እረኛ ቢፈለግ አይገኝም። ታዲያ እኛ «አእዋፍን እንንከባከብ» ብለን ሰሌዳ ላይ ብንጽፍ፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ማታ ወጥመዱን ሊያይ ይሄዳል። ምን ዋጋ አለው?

ልጁ እኮ ወፏን ከእኛ ይልቅ ያውቃታል። ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» መባሉ በከንቱ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቆቅ ከመብረር መሮጥ ትመርጣለችና መሹለኪያዋ ይታወቃል። ልጁም በማሳው ዳር፣ በእሾኹ መካከል ጠባብ ቀዳዳ ትቶ የፈረስ ጭራ ሸምቀቆ ያኖርባታል። ብልኀቱ የሚደነቅ ነው። ሸምቀቆ ግን አይመርጥም፤ ዕንቁላል የታቀፈችውንም ያንቃል።

በአሜሪካ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ በአደን ብዛትና በደን ጭፍጨፋ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት አደኑ በደንብ ተወሰነ፤ ወፎቹም ካሉበት እየተያዙ ወደ ሌሉበት ተወስደው እንደገና በዙ። እዚያ በጸደይ የሚታደነው በአብዛኛው ወንዱ ብቻ ነው። አዳኙ ሳይነጋ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጥና የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ይጠራዋል። (ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ እንዳይለብስ ይመከራል፤ የወንዱ ራስ ቀለም ነውና ሌላው አዳኝ እሱኑ እንዳይተኩስበት!) አንዱ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ ጥቂት ወንዶች ቢጎድሉ ጫጩት አይቀርም።

ይህን ደንብ እንዳለ ለጅግራ እንቅዳ ብንል ግን አይሆንም። የጅግራ ወንድና ሴት በመልክ አይለዩም፤ የሚራቡትም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ስለዚህ ለእኛ ቁም ነገሩ ወቅቱ ነው። ጅግራ ዝናብን ተከትላ መሬት ላይ ትጥላለች፤ እስከ 12 ዕንቁላል ይዛ አራት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። በክረምት አንዲት እናት ተያዘች ማለት ጎጆው በሙሉ አለቀ ማለት ነው።

እርግጥ ሕግ አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ይህም ለተማሪው ይነገረው። ነገር ግን ክልከላውን ከነምክንያቱ፣ ከወፏ አኗኗር ጋር አያይዘን ካልነገርነው አዋጁን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

«ይህማ የግብርና ሠራተኛ ሥራ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም። የግብርና ሠራተኛው የሚያገኘው አባትየውን ነው፤ ልጁን በየቀኑ የምናገኘው እኛ ነን። አሠልጣኞቻችንም ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት፣ በአካባቢያችን የትኛው ወፍ መቼ እንደሚጥል የምንማርበት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን እንጠይቃለን።