«ይርሳበት፣ ተዉት» ማለት ይብቃ

«ጭንቀቱን ይርሳበት፣ ተዉት!» የሚለው ምክር በባሕር ዳር የርኅራኄ መለኪያ ሆኗል። ሥራ ያጣው፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን ባመሰው ጦርነት ዘመዱን የቀበረው ሰው በጣና ዳር መዝናኛም ይሁን በሰፈሩ አረቄ ቤት በየቀኑ ሲጠጣ የሚያዩ ወዳጆቹ ይህንኑ ይደጋግማሉ። ምክሩ ከደግ ልብ ቢመጣም ሰው ይገድላል። የሚያናድደኝም ኀዘኑን ሁሉ ጥፋተኛ፣ መጠጡን ግን ንጹሕ አድርጎ ማቅረቡ ነው።

አልኮል የመጀመሪያውን ሰዓት እንደሚያቀል የሚክድ የለም። ነርቮችን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ የአንጎል ኬሚካል ያግዛል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ያፍናል። የመካሪዎቹ ስሌት እዚህ ላይ ያበቃል፤ የአንጎል ሥራ ግን አያበቃም። ዕለት ዕለት በግድ እንዲረጋጋ የተደረገ አንጎል ሚዛኑን ለመመለስ የራሱን ማረጋጊያ እያዳከመ ማነቃቂያውን ያበረታል። ስለዚህ መጠጡ ከደም ሲወጣ ሰውየው ከመጠጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ ይጨነቃል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊት ይባንናል። ለደስታ ስሜት የሚያስፈልገው ዶፓሚን ስለሚዳከም ልጁ ስትስቅለት እንኳ ደስታው አይሰማውም። የውጥረት ሆርሞኑ ኮርቲሶል ይዛባል። ምግብ ትቶ በአረቄ የሚውል ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ያንሰውና አንጎሉ ይጎዳል። ይህን ሁሉ የጠዋት ጨለማ እሱ «ኀዘኔ ነው» ይላል፤ ወዳጆቹም አረጋግጠውለት ለማብረጃ ሌላ መለኪያ ያስቀዱለታል።

«መጀመሪያ የመጣው ጭንቀቱ ነው» ብለው ይሞግታሉ። ለአንዳንዱ ሰው እውነት ነው፤ ግን የመጠጡን ጥፋት አያነሣም። ብራውንና ሹኪት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የአልኮል ጥገኛ የሆኑ 191 ወንዶችን ተከታትሏል። ለሕክምና ሲገቡ 42 በመቶው ከባድ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው፤ ሳይጠጡ አራት ሳምንት ሲሞላቸው ምልክቱ ያልለቀቃቸው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሆስፒታሉ እንክብካቤ አግዟቸው ይሆናል። ሆኖም በአራት ሳምንት ዕዳ አይከፈልም፣ የሞተ አይነሣም፤ ከሕይወታቸው በግልጽ የወጣው መጠጡ ነው። ቦደንና ፈርጉሰን የተባሉ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎችም በ2011 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን መርምረው፣ ከአልኮል ሱስና ከድባቴ አንዱ ያለበት ሰው ለሌላው የመጋለጥ ዕድሉ በእጥፍ እንደሚያድግ፣ ይበልጥ አሳማኙ አቅጣጫም ከአልኮል ወደ ድባቴ የሚሄደው መሆኑን ጽፈዋል። መጠጡን ትተውም ድባቴው ያልለቀቃቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ተገቢው ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ በአረቄ ላይ የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ የሚገባውን ያህል አይሠራም።

«አባቶቻችንም ጠጥተዋል» የሚለው መልስ ጊዜ አይገባውም። በዓመት በዓልና በማኅበር ቀን የሚቀርብ ጠላ ሌላ ነው፤ አልኮሉ ወደ 40 በመቶ የሚደርስ አረቄ በባዶ ሆድ፣ በየማለዳው መጠጣት ሌላ ነው። አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ከወዳጅ አፍ የሚወጣውን ማስታወቂያ ግን የሚከለክል አዋጅ የለም። ያውም ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የሚታመነው እሱ ነው፤ የሚነገረው ላዘነ ሰው፣ በሚወደው ሰው ነውና።

«ተዉት» የምትሉ ሁሉ፣ እባካችሁ ዝም በሉ አላልኩም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣን ሰው ዛሬውኑ አቁም ብሎ ማስገደድም አደገኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍና መቃዠት ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። ይልቅስ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም ስለ ኀዘኑ ብቻ አታውሩ፤ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ ሳትደብቁ ተናገሩ።