የቪቱን ጫፍ እንይ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቆርቆሮ ቁጥር ጽፈን ነበር። ቁጥሩ ሲበልጥ ቆርቆሮው ይሳሳል ብለናል። 35 ቁጥር ከ28 ቁጥር ይሳሳል። ዛሬ ደግሞ ቆርቆሮው በምን እንደሚያዝ እንነጋገር።

ድሬዳዋ ከብረት ጋር ያደገች ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ቪት፣ ላሜራ፣ ትራፓኖ የምንላቸው ቃላት ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ከደንገጎ በኩል ለገበያ የወረደ ገበሬ ቆርቆሮና ቪት ገዝቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ሲገዛ ምን ይመልከት?

በቆላው ሙቀት ቆርቆሮው ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት ሚስማር ቀስ እያለ ይወጣል። ጥርስ ያለው ቪት ግን ይዞ ይቆያል። ከቪቶቹ አንዱ ራሱ በስቶ የሚገባው ነው። ጫፉ የትራፓኖ ፑንታ ይመስላል፤ ፑንታ ማለት የትራፓኖው መብሻ ነው። ቀዳዳውን ይበሳል፣ ጥርሱንም ራሱ ያወጣል። ቀድሞ መብሳት አያስፈልግም።

እኛ አምና ተሳስተናል። ሁለት ስስ ቆርቆሮ ደርበን ለማያያዝ በሱቁ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ወፍራሙን ቪት ገዛን። ወፍራም ይጠነክራል ብለን ነው። የፑንታው ጫፍ ቀዳዳውን አሰፋው። ቪቱ ያለ መያዣ ዝም ብሎ ይሽከረከር ጀመር። ባለሱቁ ምን ያድርግ፣ የጠየቅነውን ሰጠን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነፋስ መጣና ቆርቆሮውን አነሣው። በጎቻችን ሌሊቱን ዝናብ ላይ አደሩ፤ አንዲት ግልገልም ሞተችብን።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ስስ ቆርቆሮን ከስስ ቆርቆሮ ለማያያዝ እንደ መርፌ ሹል ጫፍ ያለው ቪት ይሻላል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሚሆን ጥርሱ ይነክሳል። ቆርቆሮን ከብረት ቱቦላሬ ጋር ለማሰር ግን ፑንታ ጫፍ ያለው ያስፈልጋል። እንጨት ላይ ለመምታት ሹል ጫፍና ራቅ ራቅ ያለ ጥርስ ያለውን ጠይቁ።

የፑንታውን ርዝመትም ተመልከቱ። ቆርቆሮውና ብረቱ ተደርበው ካላቸው ውፍረት መብለጥ አለበት። ካጠረ ታችኛው ብረት ተበስቶ ሳያልቅ ጥርሱ ላይኛውን ይይዛል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ይነሣል፣ ወይም ቪቱ ይሰበራል።

ካርቶኑ ላይ 5.5 በ25 ተብሎ ቢጻፍ አንብቡት። የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። ሁለቱም በሚሊ ሜትር ነው። ብረት ላይ ስትመቱ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ከብረቱ ማዶ ይውጣ። ባለሱቁ ካርቶኑን ካልሰጣችሁ አሳየኝ በሉት፤ ማንበብ ችላችኋልና።

ቀለሙን አትርሱ። ጥቁሩ ቪት ለጂፕሰም ነው፤ ውጭ ዝናብ ከነካው ይዝጋል። ለጣራ ዚንክ የተቀባና ከራሱ ሥር ጎማ ያለበት ሮንዴላ የያዘውን ውሰዱ። ጎማው ነው ውኃውን የሚከለክለው። ጣራ ላይ ስትመቱ በቆርቆሮው ጉብታ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይሁን። ጎማው ጠፍጠፍ ሲል ማጥበቁን አቁሙ። ጎማው ተጨፍልቆ ከሮንዴላው ውጭ ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጥቀዋል።

ማታ ከጣራው ሳትወርዱ የብረቱን ፍርፋሪ ጥረጉ። ካደረ ይዝግና ቆርቆሮውንም ያዝገዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጣራ የሚወርደውን ውኃ እንዴት እንደምናጠራቅም እንጽፋለን።