«ካምቢዮው ድሮም አልቆ ነበር»

የጋራዥ መረከቢያ ቅጽ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ራዲዮ አለ፣ ክሪክ አለ፣ ትርፍ ጎማ አለ፣ ነዳጅ ሩብ። የወለል ምንጣፍ ሳይቀር ይቆጠራል። የማይጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋ ስትገባ እንዴት ትሄድ እንደነበር። ቦታው ባዶ የቀረው ተረስቶ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ።

የኔዋ ከወሎ ሰፈር ብዙም የማይርቅ፣ ስሙን የማልጠራው የአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት ጋራዥ የገባችው ዘይት እያንጠባጠበች ስላስቸገረችኝ ነው። ማርሿ ደህና ነበር። በማግስቱ «አልቋል ጌታዬ፣ ውሰዳት» ተባልኩና ከፍዬ ወጣሁ። በኢትዮ ቻይና መንገድ ወደ ጎተራ ስወርድ ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች። የኋላ ማርሽ ሳስገባማ በመዶሻ እንደተመታች ትነጥራለች።

ስመልሳት የተሰጠኝን መልስ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፦ «ካምቢዮው ድሮም አልቆ ነበር።»

እሺ፣ አልቆ ነበር እንበል። ያኔ አውቃችሁ ከነበረ ለምን ደበቃችሁኝ? ካላወቃችሁ ደግሞ ዛሬ ሳትፈቱት በምን አወቃችሁ?

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉም። ከተማውን ከሞሉት ቪትዞች በብዙዎቹ ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባለው ደግሞ በብረት ቀበቶ የሚሽከረከር ስለሆነ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ የሌላውን አውቶማቲክ ዘይት ከሞሉበት ቀበቶው እየተንሸራተተ ራሱን ይበላል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ምን ዓይነት ዘይት፣ ስንት ሊትር ሞላችሁ? ደረሰኙ የሚለው «ዘይት» ብቻ ነው። የምን ዘይት? የኑግም እኮ ዘይት ነው!

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ውል የሚያየው ሠሪው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው። ውጤት ነው ያለው፤ ሙከራ አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813ም ለሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትና የመስተናገድና ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። (ትሕትናውን አልካድኩም። «ጌታዬ» መባሉን በነፃ አግኝቻለሁ።)

«ካልሆነ ሌላ መኪና ግዛ» የሚለኝ ወዳጅ አለ። በምን? የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችንን ይዘን መክረም ነው፤ መሄጃ እንደሌለን ጋራዡም ያውቃል። አነጋገሩ ውስጥ ያ የሚሰማኝ ለኔ ብቻ ነው?

ጋራዦችም የሚሉት አላቸው። አምስት ዓመት የካምቢዮ ዘይት ሳይቀይር ነድቶ፣ የራሱን ጥፋት በመካኒክ ላይ የሚለጥፍ ባለመኪና ሞልቷል። እውነት ነው። ታዲያ ለዚህ መድኃኒቱ «ለሚደርሰው ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም» ብሎ ከቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል መጻፍ አይደለም። ሐቀኛውን መካኒክም ቢሆን ይህ አያድነውም፤ ስሙን ነው የሚያጠፋው።

መኪናዋ ከመግባቷ በፊት መካኒኩና ባለቤቱ አብረው አንድ ዙር ይንዷት። ማርሹ ይዘገያል? ይነጥራል? ይጻፍ። ስትወጣም እንደገና አብረው ይንዱ፤ የተሞላው ዘይት በዓይነቱና በሊትሩ ደረሰኙ ላይ ይውጣ። ሁለቱም ይፈርሙ፣ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ። ለዚህ ጊዜ የለንም የሚሉኝ ካሉ፣ ምንጣፉን ለመቁጠር ጊዜ ከየት እንዳገኙ ይንገሩኝ።